ካልሳይት ወይስ ጂፕሰም?

ሁለቱም ካልሲየም ያላቸው ማዕድናት ናቸው፤ ሁለቱም ነጣ ይላሉ። ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን ስትወርዱ በአባይ ሸለቆ የኖራ ድንጋይም (በአብዛኛው ካልሳይት ነው) ጂፕሰምም ታያላችሁ። ታዲያ ለምን ምድባቸው ተለያየ?

ማዕድን በአብዛኛው የሚመደበው በብረታማው ንጥረ ነገር (እዚህ ካልሲየም) ሳይሆን ከሱ ጋር በተጣመረው አሉታዊ አየን፣ ማለትም አሉታዊ ሙል ባለው አቶም ወይም የአቶሞች ስብስብ ነው። ካልሳይት ካርቦኔት (የካርቦንና የኦክስጅን ስብስብ) ያለው ነው። ጂፕሰም ደግሞ ሰልፌት (የሰልፈርና የኦክስጅን ስብስብ) ያለው፣ ያውም በውስጡ ውሃ የያዘ። አመዳደቡ በጣም ተገቢ ይመስለኛል፤ ጠባያቸውን የሚለየው እሱ ነዋ! ካልሳይት ላይ ቀጠን ያለ አሲድ ጠብ ሲደረግ አረፋ ያወጣል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ጂፕሰም ዝም ይላል። ካልሳይት ኖራ ለመሆን 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈልጋል። ጂፕሰም ግን 150 ገደማ ሲደርስ አብዛኛውን ውሃውን ለቆ ጄሶ ይሆናል።

አሲድ ከሌላችሁ በጥፍር ሞክሩ፦ ጂፕሰም ይፋቃል፣ ካልሳይት እምቢ ይላል።