ኮፒ ቤት ያስጠረዝኩት የዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ

ልጄ ዘንድሮ ዘጠነኛ ገባች፣ የመንግስት ትምህርት ቤት ነው የምትማረው፣ መጽሐፉ ደሞ አንዱ ለሦስት ልጅ ነው የደረሳቸው። የሷ ተራ ማክሰኞና አርብ ነው፣ የቤት ስራ ረቡዕ ከተሰጠ ጓደኛዋ ቤት መሮጥ ነው። መምህሯ እግዜር ይስጠው ፒዲኤፉን በቴሌግራም ልኮላቸዋል፣ ግን ቤታችን ያለው ስማርት ስልክ የኔ ብቻ ነው፣ እሱንም ጠዋት ይዤው ወጥቼ ማታ ነው የምመለሰው። ስለዚህ ፕሪንት አስደረግኩላት፣ ሌላ ወላጅ ካለ ይጠቅመው ይሆናል ብዬ ነው የምጽፈው።

ኮፒ ቤቱ ሽሮ ሜዳ ነው፣ አንዲት ጠባብ ክፍል። ልጁ ገና ስገባ "ስንተኛ ክፍል ነው?" አለኝ፣ ከሰባተኛ እስከ አስራ ሁለተኛ ያለውን በሙሉ ኮምፒውተሩ ላይ በየክፍሉ አስቀምጦታል፣ ፍላሽ እንኳን አላስፈለገኝም። ፊትና ጀርባ ከነጥረዛው 750 ብር፣ በማግስቱ ደረሰልኝ፣ ገጽ አልተዘለለም፣ ጽሁፉ ጥርት ያለ ነው።

ችግሩ ስዕሉ ነው። ጥቁርና ነጭ ሲሆን የሴሉ ስዕል ግራጫ በግራጫ ሆኖ ቁጭ አለ፣ ልጄ "እማዬ ክሎሮፕላስቱ የቱ ነው?" ስትለኝ እኔም አላውቀውም፣ ማታ ስልኬን ከፍተን እያየን በከለር እርሳስ አረንጓዴውን አረንጓዴ እያደረግን ቀባነው። የከለር ፕሪንት አንዱ ገጽ 20 ብር ስለሆነ ሙሉውን ማሰራት አልቻልኩም። እና እናንተ ከመሄዳችሁ በፊት ስዕል ያለባቸውን ገጾች ለይታችሁ እነሱን ብቻ በከለር አሰሩና መሀል ይግቡላችሁ። ሽፋኑንም ጠንካራ ፕላስቲክ በሉት፣ የኛ በሁለት ሳምንት ቦርሳ ውስጥ ተቀደደ።

ለልጁ ስራ ከ5 4 እሰጠዋለሁ። ግን ይሄ የኮፒ ቤት ስራ መሆን አልነበረበትም። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ላይ 50 ከመቶና በላይ ያመጣው በ2014 3.3 ከመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደሞ 8.4 ከመቶ ነው፣ ሁሉም ልጆቹ ሰነፉ ይላል፣ ስንቱ ልጅ መጽሐፉን ቤቱ ይዞ እንዳደረ የሚጠይቅ የለም። ልጄ እስከ ስድስተኛ ሳይንስ በአማርኛ ተምራ አሁን በእንግሊዝኛ ነው፣ ክፍል ውስጥ መምህሩ የሚለውን ግማሹን ነው የምትይዘው፣ የቀረውን ማታ ቁጭ ብላ ሦስቴ አራቴ እያነበበች፣ ያላወቀችውን ቃል ዳር ላይ በአማርኛ እየጻፈች ነው የሚገባት፣ በሰው መጽሐፍ ላይ ደሞ መጻፍ አይቻልም። አሁን የራሷ ስለሆነ የመጀመሪያው ምዕራፍ ዳርና ዳሩ በእርሳስ ሞልቷል።

ቀጥሎ ፊዚክሱን ላሰራ ነው። በከለር የሚሆኑትን ራሷ ቆጥራ ሰጥታኛለች፣ 11 ገጽ ነው።