ማስተርስ በእንግሊዝኛ፦ ጀርመን፣ ጣሊያን ወይስ አዮዋ?

«ጀርመን ነፃ ነው አይደል?» ኮምፒውተር ሳይንስ የጨረሰ ልጅ ስለ ማስተርስ ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የሚያነሳው ይህንኑ ነው። አዎ፣ ነፃ ነው። ነፃ የሆነው ግን ክፍሉ ውስጥ መቀመጡ ነው፤ እዚያ መድረሱ አይደለም። እኔ አገር ከአገር ሳወዳድር ከጠቅላላ ዋጋው ይልቅ ገንዘቡ መቼ ከኪስ እንደሚወጣ ነው የማየው። ከመሄድ በፊት? ከደረሱ በኋላ? ወይስ ሥራ ከተያዘ በኋላ? በእንግሊዝኛ ከሚያስተምሩትና የእኛ ልጆች ከሚሞክሯቸው ሦስቱን በዚህ ዓይን እንያቸው። ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጀርመን፦ ከመሄድ በፊት

አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ የላቸውም። በየሴሚስተሩ ከ100 እስከ 350 ዩሮ ገደማ መዋጮ ይከፈላል፤ ብዙ ቦታ የአውቶቡስና የባቡር ትኬቱም በዚያው ውስጥ ነው። ነገር ግን ካርልስሩኸ፣ ሽቱትጋርትና ፍራይቡርግ ያሉበት የባደን ቩርተምበርግ ግዛት ከ2017 ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጪ የመጣ ተማሪን በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። የሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ከ2024 ወዲህ ለማስተርስ በሴሚስተር ከ4,000 እስከ 6,000 ዩሮ ይጠይቃል። ስሙ ስለሚያጓጓ ብዙ ሰው ሳያይ ያመለክትበታል። ሳርላንድና ቦን ኮምፒውተር ሳይንስን በእንግሊዝኛ ያስተምራሉ፣ የትምህርት ክፍያም የለባቸውም።

ከባዱ ዝግ ሂሳቡ ነው፤ ሁሉም «ብሎክድ አካውንት» የሚለው። ለቪዛ 11,904 ዩሮ አስቀድሞ መግባት አለበት። ከደረሱ በኋላ በወር 992 ዩሮ እየተለቀቀ ይኖሩበታል። ገንዘቡ የራስ ነው፣ አይበላም፤ መጀመሪያ ግን መኖር አለበት። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር ከተንሳፈፈ ወዲህ ያንኑ ዩሮ ለመሙላት የሚያስፈልገው ብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ውጭ ያለ ዘመድ ካልሞላው በአዲስ አበባ ደመወዝ የሚታሰብ አይደለም።

ሁለተኛው ማጣሪያ ውጤት ነው። የጀርመን ስሌት ይገለብጠዋል፤ እነሱ ዘንድ ትንሹ ቁጥር ነው ጎበዙ። ከ4.0 3.5 ያመጣ ወደ 1.75 ይቀየርለታል፣ 3.2 ያመጣ ወደ 2.2። ብዙ ዲፓርትመንት ከ2.5 በላይ የሆነውን አይቀበልም። በዚያ ላይ የተወሰዱትን ኮርሶች አንድ በአንድ ይቆጥራሉ። ኦቶማታ፣ አልጎሪዝም፣ ሊኒየር አልጀብራ የት አሉ ይላሉ። ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ የተማረ ሰው ውጤቱ ሳይነካ እዚህ ጋ ሲወድቅ ደጋግሜ አይቻለሁ። ለብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ማመልከቻ በሚቀበለው በዩኒ አሲስት በኩል የሚያመለክት ለመጀመሪያው 75፣ ለተጨማሪው እያንዳንዱ 30 ዩሮ ስለሚከፍል የኮርሱን መስፈርት ሳያነቡ አሥር ቦታ መላክ ብር መበተን ነው።

ከገቡ ግን ጥሩ ነው። በዓመት 140 ሙሉ ቀን መሥራት ይፈቀዳል። ሲጨርሱ ሥራ መፈለጊያ 18 ወር ይሰጣል።

ጣሊያን፦ ከደረሱ በኋላ

እዚህ ክፍያው በቤተሰብ ገቢ ይወሰናል። ፓዶቫ፣ ትሬንቶ፣ የሮማው ሳፒየንዛ በእንግሊዝኛ ያስተምራሉ። ውዱ የሚባለው ፖሊቴክኒኮ ዲ ሚላኖ እንኳ ጣሪያው በዓመት 4,000 ዩሮ አካባቢ ነው። ዋናው ነገር ግን በየክልሉ የሚሰጠው የገቢ ስኮላርሺፕ ነው። ዝቅተኛ ገቢ ላለው ቤተሰብ ልጅ የትምህርት ክፍያው ይነሳል፣ በዓመት ከ6,000 ዩሮ በላይ ይታሰብለታል፤ ካፌ ወይም መኝታም ሊጨመር ይችላል። የእኛ ሰው አብዛኛው በገቢ ይሞላል። ለአንድ ጊዜ እንኳ ደመወዛችን ጠቀመን!

ችግሩ ጊዜው ነው። የስኮላርሺፑ ውጤት ብዙ ጊዜ ከቪዛው በኋላ ይመጣል፤ ስለዚህ ለቪዛ የባንክ ሂሳብ ማሳየት አይቀርም። የመጀመሪያው ክፍያም ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል ነው የሚገባው። ሚላን ላይ አንድ አልጋ ተከራይቶ አራት ወር በባዶ ኪስ መቆየት ቀልድ አይደለም። አንድ ነገር ደግሞ ብዙዎች አያውቁትም፦ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ እስከ ኦገስት 10 ቢያንስ 20 ክሬዲት ማለፍ አለበት፤ በጊዜው ያላሟላ የተቀበለውን እስከ መመለስ ሊደርስ ይችላል።

አዮዋ፦ ሥራ ከተያዘ በኋላ

ማሃሪሺን የማያውቅ የአዲስ አበባ ፕሮግራመር የለም ብል ማጋነን አይሆንም። በአሜሪካዋ አዮዋ ግዛት ፌርፊልድ በምትባል ትንሽ ከተማ ያለው ይህ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ማስተርሱን የጀመረው በ1996 ነው። አሠራሩ ለየት ይላል። መጀመሪያ የተወሰነ ይከፈላል፣ ቀሪው በብድር ይያዛል። ስምንት ዘጠኝ ወር ግቢ ውስጥ አንድ ኮርስ በአንድ ጊዜ ይማሩና በክፍያ ኢንተርንሺፕ ይወጣሉ። ብድሩ ከዚያ ደመወዝ ይከፈላል። ሜዲቴሽን ግዴታ ነው። ለጾምና ለጸሎት የለመደ ሰው ዓይን መጨፈኑ ብዙም አይከብደውም፤ ሃይማኖቴን ይነካል ብሎ የተወውም ግን አውቃለሁ።

የሚፈልገው የሥራ ልምድ ነው። ሁለት ሦስት ዓመት ኮድ የጻፈ፣ ውጤቱ መካከለኛ የሆነ ሰው ጀርመን ካልተቀበለው እዚህ ዕድል አለው። ግን ሁሉም የቆመው ኢንተርንሺፑ መገኘቱ ላይ ነው። ካልተገኘ ብድሩ አይጠብቅም። በአሜሪካ ሕግ መሠረት በትምህርት ላይ እያሉ በእንዲህ ያለ ኢንተርንሺፕ 12 ወር ሙሉ ሰዓት የሠሩ ከሆነ ከምረቃ በኋላ የሚሰጠው የሥራ ፈቃድ ይቀራል። ሌላ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ሙያ የተመረቀ ግን እስከ 36 ወር መሥራት ይችላል። በጁላይ 2025 ደግሞ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው የተማሪ ቪዛ ለአንድ መግቢያና ለሦስት ወር ብቻ ሆኗል። ከገቡ በኋላ ትምህርቱ እስኪያልቅ መቆየት ይቻላል፤ እናትን ለመጠየቅ ብቅ ብሎ መመለስ ግን አዲስ ቪዛ ነው።

እኔ ብሆን

ውጤቱ ከ3.5 በላይ ሆኖ ዝግ ሂሳቡን የሚሞላ ዘመድ ያለው ጀርመን ይሂድ፤ አላመነታም። ዘመድ የሌለው ጣሊያን፣ ግን የአራት ወር መኖሪያ በእጁ ይዞ። አዮዋን ከአምስት ዓመት በፊት ቢሆን ለባለ ልምዱ ዓይኔን ሳላሽ እመርጥለት ነበር። ዛሬ ከዚያ የተመረቀ ጓደኛውን በቅርቡ ሥራ አግኝቶ እንደሆነ ሳይጠይቅ እንዳይፈርም እለዋለሁ። ሦስቱንም ከማሰብ በፊት ደግሞ የአውሮፓ ኅብረትን ስኮላርሺፕ ኢራስመስ ሙንዱስን መሞከር ያዋጣል፦ ክፍያ የለም፣ በወር 1,400 ዩሮ እስከ 24 ወር። ፉክክሩ የሎተሪ ያህል ነው እንጂ።

የትም ይኬድ የት ግን ከሁሉም የሚቀድም አንድ ክፍያ አለ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ኦሪጅናል ዲግሪውንና ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱን ለማውጣት የወጪ መጋራቱን መዝጋት አለበት። እኔ ይህን ያስታወስኩት የማመልከቻው ቀን ሊያልፍ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነበር። ክሊራንሱ ሁለት ወር ፈጀ፣ እኔም ዓመቱን ጠበቅኩ።