የሰፈራችን ኤችኦኤ የቀጠረው የፓርኪንግ ተቆጣጣሪ፦ ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ

ይሄን ምፅፈው ኤችኦኤ (ሰፈሩን ሚያስተዳድር የቤት ባለቤቶች ማህበር) ያለበት ሰፈር ለምትኖሩ ነው፣ በተለይ ደሞ ቦርድ ውስጥ ገብታችሁ የፓርኪንግ ጭቅጭቅ ለወደቀባችሁ። እኛ አሜሪካ ቨርጂኒያ ፌርፋክስ ካውንቲ ታውንሀውስ (ጎን ለጎን የተያያዙ ቤቶች) ሰፈር ነው ያለነው። ለአንድ ቤት ቁጥር የተፃፈበት ሁለት ቦታ አለው፣ የቀረው የቪዚተር ማለትም የእንግዳ ነው፣ እሱ ደሞ መቼም በቅቶ አያውቅም። ልጆች ያድጉና መኪና ይገዛሉ፣ ኡበር ሚሰራ አለ፣ ቤዝመንት ያከራየ አለ፣ በቃ ማታ ከስራ ደክሟችሁ ስትገቡ የገዛ ቦታችሁ ላይ የማታውቁት መኪና ቆሞ ታገኛላችሁ። ቁጥጥር አያስፈልግም ሚል ሰው እንደዚ አይነት ሰፈር አልኖረም።

የድርጅቱን ስም አልጠራም፣ ምክንያቱም እኔ እንዳየሁት ዋናው ነገር ድርጅቱ ሳይሆን ከሱ ጋር የተፈረመው ኮንትራት ነው። ይሄው ድርጅት በሌላ ኮንትራት ሌላ ሰፈር ላይ መአት ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ ከሱ በፊት ስለነበረው ልንገራችሁ። የድሮው ቶው ድርጅት (መኪና ጎትቶ ሚወስድ ማለት ነው) ኤችኦኤውን አንድ ዶላር አያስከፍልም ነበር፣ ቦርዱም የወደደው ለዛ ነው። ገቢው በሙሉ ከሚነሳው መኪና ነው። እንግዲ አስቡት፣ ሹፌሩ ሚያገኘው መኪና ሲያነሳ ብቻ ከሆነ ሌሊት 9 ሰአት ላይ መብራቱን አጥፍቶ ሰፈር ውስጥ ሲዞር ምን እንደሚፈልግ ግልፅ ነው። ማስጠንቀቂያ ሚባል ነገር የለም፣ ደውሎ ያዘዘው ሰውም የለም፣ የቪዚተር ታግ (ቤቱ ለእንግዳ ሚሰጠው መለያ) መስታወት ላይ ካላየ አንስቶ ይሄዳል።

አንድ ቀን ጎረቤታችን እናቷ አገር ቤት አረፉ። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ፣ ዘመድ ወዳጅ ተጠራርቶ ሊነጋጋ ሲል ነው ሚገባው። ሰዎቹ መኪናቸውን ቪዚተር ላይ አቁመው ገቡ። ታጉ ያለው ደሞ እሷ ቤት ነው! እናቷ መሞቷን ገና ያልሰማችን ሰው ቀድሞ ደውሎ የፓርኪንግ ታግ ስጪን ማን ይላታል? ሲወጡ ሶስት መኪና የለም። አንዱ የዛን ቀን ስራ ሚገባ ነበር፣ ሌላዋ የልጇ ካር ሲት መኪናው ውስጥ ነው። ለቅሶ ቤት ቁጭ ብሎ ማስተዛዘን ሲገባቸው ግማሹ ሰው መኪና ፍለጋ ሄደ፣ ልጅቷ ደሞ በሀዘኗ ላይ በኔ ምክንያት ነው እያለች ስታለቅስ እስካሁን ከአይኔ አልጠፋም።

ከዛ በኋላ ነው ቦርድ ስብሰባ መሄድ የጀመርኩት፣ ከዛ በፊት የኤችኦኤውን ወረቀት እንኳን አላነበውም ነበር። ሳነበው ያወኩትን ላካፍላችሁ ምክንያቱም ብዙ ሀበሻ ይሄን ሳያውቅ ዝም ብሎ ይከፍላል።

አንደኛ መንገዱ የማን እንደሆነ እወቁ። ቨርጂኒያ ውስጥ ከአርሊንግተንና ከሄንራይኮ በስተቀር የካውንቲ መንገዶችን በአብዛኛው ሚይዘው ቪዶት ነው፣ የስቴቱ ትራንስፖርቴሽን መስሪያ ቤት ማለት ነው። የታውንሀውስ ሰፈር ውስጥ ለውስጥ ያሉት ግን ብዙ ጊዜ የኤችኦኤው የግል መንገድ ናቸው። በግል መንገዱ ላይ ኤችኦኤው ህግ ማውጣትና ማስነሳት ይችላል፣ የህዝብ መንገድ ላይ ግን ጉዳዩ የፖሊስና የካውንቲው ነው። አዲሱን ድርጅት መጀመሪያ የወደድኩትም እዚ ላይ ነው፣ ከመግቢያችን ውጪ ያለው መንገድ ላይ ትልቅ የጭነት መኪና እየቆመ ነው ብለው ጎረቤቶች ሲጮሁ ጠባቂው እሱ የህዝብ መንገድ ነው እኔ አልነካውም፣ ለፖሊስ ኢመርጀንሲ ባልሆነው ቁጥር ደውሉ አላቸው። የድሮው ቢሆን አንስቶት ነበር ብዬ ነው ማምነው።

ሁለተኛ ቅጣት። የቨርጂኒያ ህግ ኤችኦኤ ለአንድ ጥፋት ከ50 ዶላር በላይ እንዲቀጣ አይፈቅድም፣ ጥፋቱ ሚቀጥል ከሆነ ደሞ በቀን 10 ዶላር እስከ 90 ቀን ነው። እሱም ቢሆን የሰፈሩ ሰነድ ላይ ቅጣት እንደሚቻል በግልፅ ካለ ነው። ከመቅጣታቸው በፊት ደሞ ቀርባችሁ እንድትናገሩ ቢያንስ ከ14 ቀን በፊት ሊያሳውቋችሁ ይገባል፣ ውሳኔውን ደሞ ከሰሟችሁ በኋላ በ7 ቀን ውስጥ መላክ አለባቸው። አንድ ጎረቤታችን ምንም ሳይጠራ ክፈል ሚል ደብዳቤ ብቻ ደርሶት ሊከፍል ሲል አስቆምኩት፣ ልሰማ ብሎ ፃፈ፣ ተሰረዘለት። አልሰማ ካሏችሁም ስቴቱ ለዚ ጉዳይ ራሱን የቻለ እንባ ጠባቂ አለው፣ መጀመሪያ ግን በኤችኦኤው የአቤቱታ ስርአት አልፋችሁ የመጨረሻ እምቢታውን በፅሁፍ ካገኛችሁ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ነው ሚቀርበው።

አሁን ወደ አዲሱ ድርጅት ልምጣ። አመት ከምናምን ሆነው። የወር ክፍያው ከኤችኦኤ መዋጮ ላይ ነው ሚከፈለው፣ ባነሳው መኪና ልክ ሚያገኘው ነገር የለም፣ ኮንትራቱ ውስጥ እንዲገባ የተከራከርኩት ትልቁ ነገር እሱ ነበር። መዋጮው ትንሽ ጨምሯል፣ የተማረሩም አሉ፣ እኔ ግን አንድ ጊዜ መኪና ተነስቶበት ላስለቀቀ ሰው ልዩነቱን ማስረዳት አያስፈልግም ባይ ነኝ።

ጠባቂው በሳምንት ጥቂት ቀን በማይታወቅ ሰአት ይመጣል፣ ሰአቱ ያለበት ፎቶ ያነሳል፣ መጀመሪያ መጥረጊያው ስር ወረቀት ያስቀምጣል፣ መስታወት ላይ ሚጣበቅና ማይለቅ ነገር አይለጥፍም። ሁለተኛ ጊዜ ለቤቱ ኢሜል ይሄዳል። ሶስተኛ ላይ ነው ቶው፣ እሱም ጠባቂው ብቻውን ሚወስነው አይደለም፣ ከቦርዱ አንድ ሰው ማዘዝ አለበት። ቁጥር ያለው ቦታ ላይ የቆመን መኪና ሚያስነሳው ደሞ ባለቦታው ራሱ ደውሎ ብቻ ነው። ማስጠንቀቂያ የሌለው ፋየር ሌን (የእሳት አደጋ መኪና መግቢያ) ላይና ሃይድራንት (የእሳት ማጥፊያ ውሃ መቅጃ) ጋ ለቆመ ነው፣ ይሄ ላይ እኔም አልደራደርም፣ የቨርጂኒያ ህግ ከሃይድራንት 15 ጫማ ራቁ ይላል፣ ታውንሀውስ ደሞ ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዘ ስለሆነ አንዱ ቤት ሲቃጠል ምን እንደሚመጣ ማሰብ ነው።

ሌላው የወደድኩት ሰው አይመርጥም። ድሮ የአንድ የቦርድ አባል ፒክአፕ መታጠፊያው ላይ ሲቆም ማንም አይነካውም ነበር፣ ኢንስፔክሽን ስቲከሩ (የመኪና ምርመራ ምልክቱ) ያለፈበት የአንድ ሽማግሌ መኪና ግን ከገዛ ቦታቸው ላይ ተነስቷል፣ ሆስፒታል ተኝተው ነበር እኮ ሰውየው። አሁን ሁሉም በፎቶ ስለሚመዘገብ ያ ፒክአፕም ወረቀቱን አግኝቷል፣ ሰውየው ስብሰባ ላይ ተናዶ ነበር፣ ፎቶው ሲወጣ ዝም አለ።

አንድ ኮከብ ያጎደልኩበትን ልንገራችሁ። እንግዳ ሲመጣ ታርጋውን በቴክስት ትመዘግባላችሁ፣ ለ24 ሰአት ይሰራል። ጥሩ ነው፣ ግን መልሱ በእንግሊዝኛ ብቻ ነው፣ ከታርጋው አንድ ፊደል ከተሳሳታችሁ ደሞ ተሳስተሃል አይላችሁም፣ ዝም ብሎ የተሳሳተውን ይመዘግብና ጠዋት ወረቀት ታገኛላችሁ። ሰፈራችን ውስጥ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ መጥተው የቀሩ እናቶች አሉ፣ ኮሪያኖች አሉ፣ ከኤልሳልቫዶር የመጡ አሉ፣ ሁሉም በቴክስት አይግባባም። ሰው ሚያነሳው ስልክ ይኑር ብለን ፅፈን እስከ ማታ 12 ሰአት ሚሰራ መስመር ሰጡን፣ እንግዳ ሚመጣው ግን ከ12 ሰአት በኋላ ነው። ደሞ ክረምት ላይ በረዶ ወርዶ የተጠረገው በሙሉ ቪዚተር ቦታው ላይ ተከምሮ እያለ ጠባቂው መስመር አልፋችኋል ብሎ ወረቀት ሲያድል ነበር፣ መስመሩ በረዶ ስር ነው ያለው! ስንደውል ሁሉንም ሰረዙት፣ ቢሆንም መጀመሪያውኑ አይቶ መተው ነበረበት።

የእናቷ ሙት አመት ሲደርስ ያቺ ጎረቤታችን ፈርታ ቤተክርስቲያን አዳራሽ ልከራይ ስትል እኔ ቆይ ብዬ ከሶስት ቀን በፊት ለድርጅቱ ደወልኩ፣ ብዙ ሰው ሊመጣ ነው፣ ታርጋውን ሁሉ ቀድመን ማወቅ አንችልም አልኳቸው። ቀኑንና የቤቱን ቁጥር ብቻ ላኪልን አሉኝ። የዛን ቀን ጠባቂው መጣ፣ ዞሮ አየ፣ ሃይድራንቱ ጋ ጠጋ ብላ የቆመች አንዲት ካምሪ ነበረች፣ በር አንኳኩቶ የማን ነች ብሎ ጠየቀ። ባለቤቱ ወጥቶ አነሳት፣ ተመልሶ ገባ፣ ምግቡም ገና አልቀረበም ነበር።