ፎርማት ሳያደርግ ኮምፒውተሬን ላዳነልኝ ልጅ

ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ትንሽ የጽህፈትና የፎቶኮፒ ቤት አለኝ። ሰው በአደባባይ ማመስገን ብዙም ልማዴ አይደለም። ይሄን ልጅ ግን ዝም ብዬ ባልፈው ህሊናዬ አይለቀኝም።

ነገሩ የጀመረው ግንቦት ላይ ነው። ግንቦት ለኛ የመመረቂያ ጽሁፍ ወቅት ነው፤ ተማሪው ፍላሹን ይዞ ይሰለፋል። በዚያ ሰሞን የኮምፒውተሬ አመል ተቀየረ። ብሮውዘሩን ስከፍት የማላውቀው የመፈለጊያ ገጽ ይመጣል። በቀኝ በኩል ከታች ደግሞ ኮምፒውተርሽ ስህተት ሞልቶታል፣ ከፍለሽ አስተካክዪ የሚል መስኮት ብቅ ይላል። አንዲት ገጽ እስክትታተም ቡና ተፈልቶ ይጠጣል።

መጀመሪያ የሄድኩበት ጥገና ቤት ገና ሳያየው «ቫይረስ ነው፣ ፎርማት ይደረግ» አለኝ። 800 ብር ከፈልኩ። ለዓመታት ያጠራቀምኳቸው የማመልከቻና የውል ፎርሞች አብረው ጠፉ። በሳምንቱ ያው መስኮት ተመልሶ መጣ። እዚህ ላይ የኔም ጥፋት አለበት፣ እደርስበታለሁ።

ልጁን የጠቆመኝ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ጽሁፉን ሊያስጠርዝ የመጣ ተማሪ ነው። ደወልኩለት፣ ከሁለት ቀን በኋላ ከሰዓት ላይ ሱቄ ድረስ መጣ። ዝናብ ነበር፣ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ አይታይም። የመጀመሪያ ቃሉ «አብሽሪ እትዬ፣ ምንም አናጠፋም» የሚል ነበር።

ከዚያ ፍላሹን አወጣ። «አንተም ፍላሽ?» አልኩት፤ እኔን ያስለቀሰኝ ፍላሽ ነዋ! ሳቀና ፕሮግራሙን ከመክፈቱ በፊት በቀኝ ክሊክ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ገባ። እዚያ «ዲጂታል ሲግኔቸርስ» የሚል፣ የፕሮግራሙ ሰሪ ፊርማ የሚታይበት ክፍል አለ። ፈራሚው ማይክሮሶፍት ይላል። ስሙን መርጦ ዲቴይልስን ሲጫን፣ ፊርማው ትክክል ነው የሚል መስመር መጣ። «ስሙን ማየት ብቻ አይበቃም፣ ይቺንም መስመር እያት» አለኝ። ከኔ ኮምፒውተር በፊት የራሱን እቃ መፈተሹ ልቤን ገዛው።

ፕሮግራሙ አውቶራንስ ይባላል። ማርክ ሩሲኖቪችና ብራይስ ኮግስዌል የተባሉ ባለሙያዎች ከጀመሩት ከሲስኢንተርናልስ መሳሪያዎች አንዱ ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2006 ገዝቶታል፣ እስካሁንም በነጻ ይሰጣል። ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብሮ የሚነሳውን ሁሉ ይዘረዝራል። ልጁ ፊርማ እንዲያረጋግጥ አዘዘው፣ የማይክሮሶፍትን የራሱን ደበቀ። የቀሩት ጥቂት መስመሮች ናቸው። አንዳንዶቹ ሮዝ ቀለም ለበሱ።

«ሮዙ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ፊርማው ያልተረጋገጠ ነው።»

«ይጥፋ በቃ!»

«ቆይ እንጂ እትዬ። የማን እንደሆነ ሳናውቅ?»

ከሮዞቹ አንዱ የድሮው የአማርኛ መጻፊያዬ ነበር። እንጀራዬን የምጋግርበት! የሰራው ሰው አላስፈረመውም፣ ያ ብቻ ነው። የፊርማ ሰርተፍኬት በገንዘብ ስለሚገዛ ትንንሽ ሰሪዎች ብዙ ጊዜ ይተውታል አለኝ። ከዊንዶውስ የራሱ ፋይሎች ውስጥም ያ የፊርማ ክፍል የማይታይባቸው አሉ። ፊርማቸው ለብቻው፣ ካታሎግ በሚባል ሌላ ፋይል ይቀመጣል። አላየሁም ብሎ መሰረዝ መዘዝ አለው።

አሁን ዋናው ነገር። እኔን ያሰቃየኝ ሮዝ አልነበረም። የተፈረመ ነበር፣ ያውም በትክክል።

ግራ ሲገባኝ ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን የማስረጃ ኮፒ አነሳ። ማህተም ያለበት ነው። «ይሄ ማህተም ምን ይነግርሻል?» አለኝ። የሰጠው መስሪያ ቤት ማን እንደሆነ፣ አልኩት። «ስርዝ ድልዝ ቢኖርበትስ?» ዋጋ የለውም። «የመስሪያ ቤቱ ሰው መልካም ሰው መሆኑንስ ይነግርሻል?» እሱንማ አይነግርም።

በቃ እንዲሁ ነው። ሰሪው የፋይሉን አሻራ፣ ማለትም ከይዘቱ የሚወጣ መለያ ቁጥር፣ በኮምፒውተር ያሰላና በሚስጥር ቁልፉ ይፈርምበታል። ቁልፉ የማን እንደሆነ ደግሞ ሰርተፍኬት የሚሰጥ ሌላ አካል ይመሰክራል። ከተፈረመ በኋላ ፕሮግራሙ ውስጥ አንዲት ነገር ብትነካ ፊርማው አይገጥምም። ማንነቱን ታውቃለህ፣ አለመነካካቱን ታውቃለህ። ጸባዩን ግን አይነግርህም። ማንነቱም ቢሆን ቁልፉ ካልተሰረቀ ነው። ስታክስኔት የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የተገኘው ተንኮለኛ ፕሮግራም፣ ከሁለት የታይዋን ኩባንያዎች በተሰረቀ ቁልፍ የተፈረሙ ፋይሎች ነበሩት። ይሄን ሻይ እየጠጣን ነው የነገረኝ።

ስለዚህ ልጁ የሚያየው ፊርማ መኖሩን ብቻ አይደለም፣ ፈራሚው ማን እንደሆነ ነው። ፒዲኤፍ ወደ ወርድ የምትቀይር ነጻ ፕሮግራም ነበረችኝ። ድራይቨር (እንደ ፕሪንተር ያለውን እቃ ከኮምፒውተሩ የሚያግባባ ፕሮግራም) አዳሽ ነኝ የሚል ሌላ አለ፣ እኔ ጭኜው አላውቅም። ሦስተኛው የመፈለጊያ ገጼን የሚቀይረው ነው። ሦስቱም ስማቸው ለየቅል ነው። ሦስቱንም ተራ በተራ ከፍቶ ፈራሚያቸውን አሳየኝ። አንድ ፈራሚ! ሰምቼው የማላውቅ አንድ ድርጅት።

«ቫይረስ አይደለም» አለኝ። «አንቺው ነሽ ያስገባሽው። ኔክስት፣ ኔክስት እያልሽ።»

እውነቱን ነው። ፒዲኤፏን ስጭን ሌሎቹ አብረው ተጭነው ኖሯል፣ አንብቤ ብሆን ምልክቱን አንስቼ እተዋቸው ነበር። ከፎርማቱ በኋላም ያንኑ ፋይል ከዚያው ፍላሽ መልሼ የጫንኩት እኔ ነኝ። ከፍዬ አስጸድቼ፣ በእጄ መለስኩት።

ሦስቱንም በወጉ አራገፋቸው። በየቀኑ አንደኛውን በቀጠሮ መልሶ የሚያስነሳ ትእዛዝ ነበር፣ እሱንም አውቶራንስ ላይ አግኝቶ አጠፋው። ብሮውዘሩ ላይ የተለጠፈችውንም ተቀጥላ ነቀለ። እርግጠኛ ያልሆነበትን አልሰረዘም። ምልክቱን ብቻ አንስቶ «ሳምንት እንየው» አለ። የፋይሎቹን አሻራ ቫይረስ ቶታል ላይ ጠየቀ፤ የብዙ አንቲቫይረሶችን ፍርድ ባንዴ የሚያሳይ ድረ ገጽ ነው። ሲጨርስ ግን የደንበኛ ሰነድ እዚያ እንዳትጭኚ ብሎ አስጠነቀቀኝ፣ የተጫነው ፋይል ሌሎች እጅ ሊገባ ይችላል። የሰው የግል ወረቀት በእጄ ለሚያልፍ ለኔ ይቺ ምክር ከጥገናው አትተናነስም።

አንድ ቦታ ላይ ልይዘው ሞክሬ ነበር። የፕሪንተሬ ፕሮግራም ሰርተፍኬት ጊዜው አልፏል። «ይሄስ?» አልኩት። የተፈረመበት ቀን በማረጋገጫ ማህተም ከተያዘ በኋላ ሰርተፍኬቱ ቢያልፍበትም ፊርማው ይጸናል አለኝ። ጡረታ የወጣ ኃላፊ በስራ ላይ ሳለ የፈረመው ደብዳቤ እንደማይሻረው። ዝም አልኩ።

በመጨረሻ ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ ገብቶ የማይፈለጉ ፕሮግራሞችን የሚያግደውን ማብሪያ አበራልኝ፤ ጠፍቶ ነበር። ልጫን ወይ ብሎ የሚጠይቀውንም መስኮት እንዴት እንደማነብ አሳየኝ። በዊንዶውስ 10 ፈራሚው ከታወቀ ከላይ ሰማያዊ ነው፣ ካልታወቀ ቢጫ። ስንት ዓመት ሙሉ «የስ» ስል ቀለሙን አይቼው አላውቅም።

ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ 400 ብር ብቻ ተቀበለኝ። አንድም ፋይል አልጠፋብኝም። ይኸው ሁለተኛ ወሩ፣ መስኮቷ ዝር አላለችም። ቅሬታ ካላችሁኝ ዝናብ ሲይዝ ስልክ አያነሳም፣ ሁለት ቀን አስጠብቆኛል።

ስሙን እንዳልጽፍ ስለለመነኝ ትቼዋለሁ። ፒያሳ አካባቢ ነው የሚሰራው፣ ቁጥሩን የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። አርብ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ለጁምዓ ይዘጋል። ፍላሽ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ደግሞ መጀመሪያ የሚፈትሸው እሱኑ ነው፣ እንዳይከፋችሁ።