ለሃሚንግበርድ፦ የስኳር ውሃ ወይስ አበባ?

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ላላችሁ፦ ሚያዝያ ሲገባ ጓሮ ብቅ የምትለው ሃሚንግበርድ፣ የአበባ ጣፋጭ ፈሳሽ የምትጠጣዋ ትንሽ ወፍ፣ 3 ግራም ገደማ ናት። ታዲያ ምን እናቅርብላት?

ወጪ፦ የስኳር ውሃ ርካሽ ነው። 1 ኩባያ ነጭ ስኳር በ4 ኩባያ ውሃ፣ አለቀ። ማር አይሆንም፤ ቶሎ ይሻግታል። ቀይ ቀለምም አያስፈልግም፤ የመመገቢያው ቀይ ክዳን ይበቃል። አበባ መጀመሪያ ላይ ገንዘብ ይበላል። በየዓመቱ ተመልሶ የሚበቅለውን ከመረጣችሁ ግን ወጪው የአንድ ጊዜ ነው።

ልፋት፦ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። በሙቀት የስኳር ውሃው በሁለት ቀን ይደፈርሳል። መመገቢያውን ወደ ብርሃን አንሱና እዩት። ጭጋግ ከመሰለ ወይም ጥቁር ነጠብጣብ ከያዘ ወፏን ሊያሳምማት ይችላል። ድፉት፣ በሙቅ ውሃ ፈትጋችሁ እጠቡት። ይሄ ነገር በፍጹም አይታለፍ! አበባ ይህ ጣጣ የለበትም።

ምግብነት፦ ስኳር ጉልበት እንጂ ፕሮቲን አይሰጥም። አበባ ግን ትንንሽ ነፍሳትን ይስባል፤ ጫጩቶቿን የምትቀልበው በነሱ ነው። ፀረ ተባይ አትርጩበት፣ አደራ።

አፓርታማ በረንዳ ኖሮት በየሁለት ቀኑ ለማጠብ ለማይሰንፍ፣ የስኳር ውሃ። ጓሮ ኖሮት ሥራ ለሚበዛበት፣ ቢ ባልም ወይም ኮራል ሃኒሰክል የሚባሉት አበቦች። እኔ ጋ ሁለቱም አለ፤ አበባው ገና ሳይፈካ በፊት መመገቢያው ይደርስላታል።