ድሬ ላይ አኳሪየም ያላችሁ፣ ይህን ልጅ ጥሩት

ሰላም የድሬ ሰዎች። አኳሪየም የሚያጸዳ አንድ ልጅ ላመሰግን ነው፣ በዚያው ልጠቁማችሁ።

እናታችን ከዚራ ባለው ቤቷ ሳሎን ውስጥ አኳሪየም አላት። አባታችን ካረፈ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ቡናዋን ይዛ የምትቀመጠው እዚያ ፊት ነው። ስለዚህ ውሃው የጎመን ቅቅል ውሃ መስሎ ወርቃማዎቹ አሳዎች አልታይ ሲሉ ነገሩ ለእኛ ቀላል አልነበረም። መጀመሪያ የጠራነው ሰው፣ ስሙ ይቅር፣ ውሃውን ጠቅላላ ደፋው። ጠጠሩን በበረኪና አጠበ፣ ፊልተሩን ቧንቧ ስር ፈተገ፣ ከቧንቧው በቀጥታ ሞልቶ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። መስታወቱ አበራ። አሳዎች ግን ሞቱብን፣ አረንጓዴውም ብዙ ሳይቆይ ተመለሰ። እማዬ ያኔ በጣም ነው ያዘነችው።

ይህን ልጅ የጠቆመችን ጎረቤታችን ናት። ሊመጣ ሲል ቀድሞ ደወለ። «ማዘር፣ ዛሬ ማታ ውሃ በባልዲ ቅዱና ሳትከድኑ አሳድሩት» አለ። ክሎሪኑ እንዲወጣ ነው።

ሲመጣ ቀድሞ ያየው አኳሪየሙን ሳይሆን መስኮቱን ነው። ፀሐይ በስንት ሰዓት እንደምትገባ፣ መብራቱ ስንት ሰዓት እንደሚበራ፣ ምግብ በቀን ስንቴ እንደሚሰጥ ጠየቀ። ከዚያ ከአኳሪየሙ በብርጭቆ ቀዳና ነጭ ወረቀት ፊት ያዘው። ብርጭቆው ውስጥ ያለውም አረንጓዴ ነው። «አያችሁ፣ መስታወቱን ብቻ ብንፈትግ ምንም አናመጣም። አልጌው፣ ይህ ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ደቃቅ ነገር፣ ውሃው ውስጥ ተንሳፎ ነው ያለው» አለን። አልጌ ብርሃንና ምግብ ካገኘ ይራባል። ምግቡ ደግሞ አሳው ሳይበላው የተረፈውና ከአሳው የሚወጣው ቆሻሻ ነው። የድሬን ፀሐይ ደግሞ ታውቋታላችሁ።

መስታወቱን ባረጀ የፕላስቲክ ካርድ ቀስ ብሎ ላጠው። ጠጠሩ መሃል የተኛውን ቆሻሻ በቀጭን ጎማ እየሳበ ወደ ባልዲ አወረደ። ያወጣው ከውሃው ሲሶ ያህሉን ብቻ ነው። የፊልተሩን ስፖንጅ ያጠበውም በዚያው ባወጣው ውሃ ነው። ምክንያቱን ለእማዬ ቁጭ ብሎ አስረዳት፤ ስፖንጁ ላይ ከአሳው የሚወጣውን አሞኒያ የሚያስወግዱ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፣ ክሎሪን ያለበት ውሃ ይገድላቸዋል፣ እነሱ ሲያልቁ አሞኒያው አሳውን ይመርዛል። ያለፈው ጊዜ አሳዎቹ ለምን እንደሞቱ ያኔ ነው የገባን።

ከዚያ መብራቱን አጥፍቶ አኳሪየሙን በወፍራም ብርድ ልብስ ሸፈነው። ለ3 ቀን እንዳይገለጥ፣ አየር መንፊያው ግን እንዳይጠፋ አደራ አለ። አልጌው ሲሞት የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ሞቃት ውሃ ደግሞ ድሮውንም ኦክስጅን የሚይዘው ትንሽ ነው። ኤሌክትሪክ ሄዶ አየር መንፊያው ቢቆምስ? ውሃውን በኩባያ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ ነው፣ አየር ይገባዋል። የእህቴን ልጅ ይህን ሲያሰራት ብታዩ ደስ ይላችኋል።

እኔን የማረከኝ ሐቀኝነቱ ነው። «አልጌ የሚበላ አሳ አለ ይባላል፣ አታመጣልንም?» አልነው። ሊሸጥልን ይችል ነበር። «ፕሌኮ ትንሽ ሆኖ ይገዛል፣ ሲያድግ ግን ከ30 ሴንቲሜትር ያልፋል። የናንተ አኳሪየም አይበቃውም፣ ቆሻሻውም ይብስባችኋል» ብሎ እምቢ አለ። ዋጋውን ሥራ ሳይጀምር ነው የተናገረው፣ አንድ ብር አልጨመረም። ብርድ ልብሱ ሲነሳ ሳንጠራው መጥቶ ውሃውን በከፊል ቀየረልን። ለዚህኛው ሂሳብ አልቀበልም አለ፣ አቦ!

አሁን መጋረጃው ጠዋት ይዘጋል፣ መብራቱ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ አይበራም፣ ምግቡም በቁንጥር ሆኗል። ውሃው ጠርቷል። ወንድሜ፣ ይህን ካነበብከው፣ እማዬ መርቃ አትጠግብህም። እኛም ከልብ እናመሰግናለን።

ስልኩን እዚህ አልለጥፍም፣ የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። ሳቢያንም መጋላም ይመጣል። ማታ ውሃ ማሳደሩን ብቻ አትርሱ።