ሜታሊካ፦ የ1988ቱ ወይስ የ1996ቱ?

የአሜሪካው ሮክ ባንድ ሜታሊካ እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጣው «ኤንድ ጀስቲስ ፎር ኦል» ፈጣንና ቁጡ አልበም ነው። አንዳንዱ ዘፈን ወደ 10 ደቂቃ ይጠጋል። ቤዝ ጊታሩ ግን የለም በሚያሰኝ ደረጃ ተውጧል። ጄሰን ኒውስተድን የሚያህል ተጫዋች ይዞ! ይሄ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

በ1996 «ሎድ» የተባለው አልበም መጣ። ረጅሙ ፀጉር ተቆረጠ፤ ከበሮ መቺው ላርስ ኡልሪክና ጊታሪስቱ ከርክ ሃሜት ተኳሉ። ብዙ የድሮ አድናቂ ተቆጣ። ሙዚቃውም ረገብ ብሎ ወደ ብሉዝ አዘነበለ። «ማማ ሴድ» የተሰኘው ዘፈን ላይማ የካንትሪ ሙዚቃ ይሰማል። ድምፃዊው ጄምስ ሄትፊልድ ስለ እናት ሲዘፍን ጩኸቱን ትቶ አንጀት ይበላል።

ለፍጥነትና ለጊታር ጥበብ የ1988ቱን የሚያህል የለም። ለድምፃዊው ስል ግን እኔ «ሎድ»ን እመርጣለሁ። 14 ዘፈን ግን በዝቷል፤ አራቱ ቢቀነሱ ይሻል ነበር።